ከመስኮቱ ውጭ የተጻፈ ግምገማ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 1

የዩኒቨርሲቲው ፖስታ በዛሬዋ ጀልባ መጣ። ከመክፈቴ በፊት ሁለት ጊዜ እጄን ታጠብኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ለርዕሰ መምህርነት የሚያዘጋጀኝ የማስተርስ ትምህርት የመጨረሻው ክፍል ነው፤ የተግባር ልምምድ። አንድ መምህር መርጬ ሦስት ጊዜ ክፍሉ ገብቼ ሲያስተምር ማየት፣ ፊት ለፊት ተቀምጬ ማነጋገር፣ ከዚያ ግምገማ መጻፍ አለብኝ። እሱም አንብቦ ይፈርማል። እስከ ኦክቶበር 10 ካልደረሰላቸው የሦስት ዓመት ልፋቴን ውሃ በላው።

እዚህ ትምህርት ቤት ያለነው አራት መምህራን ነን። ርዕሰ መምህራችን ጋሽ ማሌቲኖ በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ወንበራቸውን እፈልገዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው? እሳቸውን መገምገም አልችልም። ሌላዋ መምህርት ሲና ልትወልድ ወደ ዋናው ደሴት ሄዳለች። የቀረው የስድስተኛ ክፍል መምህሩ ሴሚሲ ብቻ ነው።

ሴሚሲ ደግሞ ወንድሜ ነው። የአጎቴ ልጅ ነው፣ ግን እኛ ቶንጋዎች ዘንድ የአጎት ልጅ ወንድም ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ከልጅነታችን ወዲህ በአንድ ክፍል ተቀምጠን አናውቅም። እኔ በፊት በር ስገባ እሱ በጓሮ በር ይወጣል። እኔ ባለሁበት አይቀልድም፣ አይነካኝም፣ ዓይን ለዓይን አንተያይም። ወንድም እህቱን የሚያከብረው እንዲህ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ተከባብረን ኖረናል። ፊቱን በቅጡ አላውቀውም። ጀርባውን ግን ከሺህ ሰው መሃል እለየዋለሁ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 3

ፊጂ ወዳለችው አስተማሪዬ ወደ ዶክተር ኡሻ ደወልኩ። ወንድሜ ነው፣ ክፍሉ ልገባ አልችልም አልኳት።

«ሉሴያኔ፣ የኔ እህት፣ ርዕሰ መምህር ስትሆኚስ? በመስኮት ልታስተዳድሪው ነው?»

ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን ሳቄን አቆምኩ። ያሰብኩት ልክ እሱን ነበርና።

ጋሽ ማሌቲኖን አማከርኳቸው። «እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳስተምር ማንም ገምግሞኝ አያውቅም፣ ይኸው በእግሬ ቆሜ ልሄድ ነው» አሉኝ። ቀጥለው፣ «አድርጊው። ግን ቤተሰብ እንዳታምሺ» አሉ። ምክር ነው እሱ?

እማዬ ደግሞ ነገሩን ሰምታ ካሳቫ መላጧን አቆመች። «የእህትና የወንድም ክብር ሲጣስ በአካል ላይ ነው የሚወጣው። ያየሁትን ነው የምነግርሽ» አለችኝ። ምን እንዳየች አልጠየቅኋትም። ፈራሁ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

የመጀመሪያው። በርጩማ ይዤ ከስድስተኛ ክፍል ውጭ፣ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ከተሰነጣጠቀው የመስኮት መስታወት ጀርባውና ሰሌዳው ይታየኛል። ተማሪዎቹ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስገባው ፈተና ኦክቶበር 28 ነው፤ የወላጆቹ ሁሉ ነፍስ እዚያ ላይ ተንጠልጥላለች።

የጻፍኩት፦ መጽሐፍ አልያዘም። ሁሉን በቃሉ። ጽሑፉ ሰሌዳው ላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ አንዱ መስመር ሌላው ላይ ይወጣል። ደብተር አያርምም፤ ተማሪዎቹ ደብተር ተለዋውጠው መልሱን ጮክ ብለው እያነበቡ እርስ በርስ ይተራረማሉ፣ እሱ ወንበሩን ተደግፎ ይሰማል። በመሃል ሁለት ጊዜ ውሃ ጠጣ፣ ትልቅ ጣሳ ሙሉ። አንድ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

ስንፍና ነው፤ ሌላ ምን ይባላል? ወንዶቹ ካቫ የሚሉትን የሚያደነዝዝ የሥር መጠጥ ሲጠጡ የሚያድሩበትን ቤት ሁላችንም እናውቀዋለን።

ቅጹ «ገምጋሚው የተቀመጠው የት ነው?» ይላል። «ከክፍሉ በስተኋላ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም። ግድግዳው መሃላችን እንደነበረ አልጻፍኩም እንጂ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11

የሦስተኛና አራተኛ ክፍል ጩኸት። ራስ ምታት። የልምምድ ጽሑፌ ምዕራፍ ሁለት አልተነካም። ጣሪያው ያፈሳል፤ አናጢው ፌሌቲ መጥቷል። ሴሚሲን በግቢው አገኘሁት፤ መንገድ አልለቀቀልኝም። እኔ ዞሬ ሄድኩ። እኔ!

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

በሰንበት እየጻፍኩ ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሴሚሲ ወደ ወንዶቹ ወገን መዞሩን ትቶ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ሁለት እርምጃ ሲቀረው ሚስቱ ኦፋ ክርኑን ይዛ መለሰችው። ሰው ሁሉ አየ። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ፣ «ከተማረች ወዲህ ወንድሟም ንቋታል» ስትል ሰማሁ። ድምፅዋን አውቄዋለሁ፣ ስሟን አልጽፍም።

ምን አድርጌው ነው? ትምህርቱን የጀመርኩ ጊዜ ደስ ብሎት ነበር ብላኛለች ኦፋ። «እህቴ አለቃዬ ብትሆን ምን ይገርማል፣ ከተወለድኩ ጀምሮ አለቃዬ ናት» ብሎ ነበር አሉ። እውነት ነው፣ በቤተሰባችን ሥርዓት እህት ከወንድሟ ትበልጣለች፤ ቃሏን አያጥፍም። ያ ሰው የት ሄደ?

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 17

ሁለተኛው። ደግሞ ከዛፉ ሥር። ተማሪ እጁን ሲያወጣ ዝም ይላል፤ መልስ ለመስጠት መጀመሪያ ስማቸውን መናገር አለባቸው። «ቶኪ ነኝ፣ መምህር፣ ሰባት ስምንተኛ ነው።» «አናሚታ ነኝ፣ መምህር፣ አይደለም።» ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የተማሪዎቹን ስም አያውቅም! ጻፍኩት።

ልጆቹ አዩኝ። አሥራ ዘጠኙም በመስታወቱ ስንጥቅ አዩኝና ፊታቸውን አዞሩ። አንድም ልጅ አልሳቀም፣ አልጠቆመም። ልጅ እንዲህ ዝም ሲል ያስፈራል።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 23

ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት አልተኛም።

በሻይ ሰዓት ወደ መምህራን ክፍል ሄድኩ። ሲዘንብ ስላረፈደ ጭቃ የያዘ ጫማዬን ደጅ አውልቄ በባዶ እግሬ ገባሁ። ሴሚሲ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀምጧል፤ ፌሌቲና ጋሽ ማሌቲኖ አጠገቡ ናቸው። ቀና አለ። ወደ እኔ ነበር ቀና ያለው። እኔ እንደ ልማዴ መሬት መሬት እያየሁ እስኪወጣ ጠበቅኩ።

አልወጣም። ዓይኑን በጨው አጥቦ ተቀመጠ። ተቀምጦም ቀልድ ቀጠለ፤ ስለ ሙሽሮችና ስለ ተሰበረ አልጋ። ምን እንዳለ አልደግመውም። እህት ፊት! ፌሌቲ አንገቱን ቀበረ። ጋሽ ማሌቲኖ ሳሉ፣ ደግመው ሳሉ። ሴሚሲ ጉልበቱን መትቶ ብቻውን ሳቀና፣ «ምነው፣ አልገባችሁም እንዴ? ልድገመው?» አለ።

ወጣሁ። ጫማዬን ረስቼ ነው የሄድኩት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የፈራሁት ይህንን ነበር፤ ወንበሩ ላይ ሳልቀመጥ ገና ናቀኝ። ብቀመጥበትማ ምን ሊያደርገኝ ነው? መንደሩ ሁሉ እሱን አይቶ ይከተላል። ሠላሳ ዓመት ያከበረኝ ሰው በአንድ ቀን እንዲህ ከሆነ፣ ያከበረኝ መስሎኝ ኖሮ እንጂ አክብሮኝስ ያውቃል?

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 25

ሴሚሲ ሁለት ቀን ሙሉ ከቤቱ አልወጣም። ጋሽ ማሌቲኖ ክፍሉን ይዘውለታል።

ማታ ገና ሳይጨልም ኦፋ መጣች፤ ከመሬት ምድጃ ትኩሱን የወጣ የአሳማ ሥጋና ያም የሚባለውን ሥር በዘንባባ ቅርጫት ይዛ። ይቅርታ የሚጠየቅበት ቅርጫት መሆኑን አውቃለሁ። ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ ውስጥ አልገባችም።

«እትዬ ሉሴያኔ፣ ሴሚሲ እኮ...»

«ሴሚሲ አፍ የለውም?» አልኳት።

«አፍማ አለው፣ ግን...»

«ሰው ፊት ነው የሰደበኝ። ቅርጫት በጓሮ አይላክልኝ። ይዘሽው ተመለሺ።»

አየችኝ። አንድ ነገር ልትለኝ ፈልጋ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ቅርጫቱን አንስታ ሄደች። የያሙ ሽታ ግን ቤቱ ውስጥ ቀረ። እማዬ እራት አልበላችም።

የሚያሳፍረኝ፣ ስትሄድ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 29

ሦስተኛውን አላየሁም። ዛፉ ሥር ሄጄ ቆምኩ፣ ጀርባውን አየሁ፣ ተመለስኩ። ቀኑን ግን ሞላሁት። ሁለቱን ያየ ሦስተኛውን ያውቃል።

ግምገማውን በአንድ ቁጭታ ጨረስኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ አልሆንልሽ ሲለኝ የኖረው የአካዳሚ ቋንቋ ዛሬ እንደ ውሃ ወረደልኝ። «ዝግጅት የለውም። ደብተር አያርምም። ተማሪዎቹን በስም አያውቅም። ለበላዮቹ አክብሮት የለውም።» ፊት ለፊት ስለ መነጋገር በሚጠይቀው ቦታ «በርዕሰ መምህሩ በኩል ተደርጓል» አልኩ። ቅጹን ለጋሽ ማሌቲኖ ሰጠኋቸው፤ ወስደው እንዲያስፈርሙት።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ከሁሉም ይበልጥ ቆንጆ ሆና የታየችኝ እሷ ናት።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 3

ፈርሟል። ፊርማው መስመሩ ላይ አይደለም፤ የእኔ ስም ላይ ወጥቶ በሰያፍ ወደ ማኅተሙ ወርዷል። እየቀለደብኝ ነው። በእልህ እንዲሁ እንዳለ በፖስታ አሸግኩት። ጀልባዋ ወሰደችው።

ለምንድን ነው ታዲያ እንቅልፍ የማይወስደኝ?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ዶክተር ኡሻ ደወለች። «ሉሴያኔ! እንዴት ያለ ድፍረት ነው! ወንድምሽን እንዲህ በእውነት መገምገም! ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ምሳሌ አደርገዋለሁ።» ከፍተኛውን ውጤት ሰጥታኛለች። ቀጥላ፣ አንድ ቅጂ እንደ ደንቡ ወደ ትምህርት ቢሮ መሄዱን ነገረችኝ። ደንቡን አላነበብኩትም ነበር። ወይም አንብቤዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ማሌቲኖ ከቢሮው የመጣውን ደብዳቤ ይዘው መጡ። ሴሚሲ ከሰኞ ጀምሮ ስድስተኛ ክፍልን ይለቃል፤ ጉዳዩ ይጣራል። ፈተናው ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው!

«አንቺ ንገሪው» አሉኝ።

«እኔ? ጋሼ፣ እንዴት አድርጌ?»

«ርዕሰ መምህር ልትሆኚ አይደል? እኔ ይህን ወረቀት ለሴሚሲ አላነብም። ሽማግሌ ነኝ፣ ልቤ አይችልም።»

እኔስ ምኔ ይችላል? የጠየቅሁትን ሁሉ አገኘሁ፤ ከፈራሁት ይልቅ ያገኘሁት እያስፈራኝ ነው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

በቀስታ ልጻፈው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደብዳቤውን ይዤ ወደ ስድስተኛ ክፍል ሄድኩ። ዛፉ ሥር አልቆምኩም። ጭቃ ስለነበረ ጫማዬን ደጅ አውልቄ በፊት በር ገባሁ። ወንድሜ በጓሮ በር ይወጣል፣ እኔ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እሄዳለሁ፤ ያቀድኩት እንዲያ ነበር።

ልጆቹ አልተነሡም። እንደ ድንጋይ ደርቀው አዩኝ። ሴሚሲ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ቆሟል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፊቱን አየሁት። የሟቹን አጎቴን ፊት ነው የያዘው። ቀኝ ዓይኑ ላይ ነጭ ነገር አለ። ግራው ወደ እኔ ያያል፣ ግን አያየኝም።

«በሩ ተከፈተ እንዴ?» አለ።

አንዲቷ፣ አናሚታ፣ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል፣ «ንፋስ ነው፣ መምህር» አለች።

«እንግዲህ ዝጉታ» አለና ወደ ክፍልፋዩ ተመለሰ።

አሥራ ዘጠኙም እያዩኝ ነው። እንደሚለምኑኝ ገባኝ። ወጥቼ መሄድ እችል ነበር። ከአፌ አመለጠኝ፤ «ሴሚሲ» አልኩ።

ድምፄን ሲሰማ ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ልማዱ፣ እንደ ሠላሳ ዓመቱ፣ ወደ ጓሮ በር ሮጠ። ፌሌቲ ጣሪያውን ሲሠራ ቁም ሣጥኑን አዙሮታል። ደረቱን ከሣጥኑ አጋጨው፣ ተመለሰ፣ በመዳፉ ግድግዳውን መዳሰስ ጀመረ፤ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ። እኔን አክብሮ ሊወጣ ነው በሩን ያጣው።

እጁን ያዝኩት። ከልጅነታችን ወዲህ ነክቼው አላውቅም። ሊያስለቅቀኝ ሞከረ፣ ከዚያ ተከተለኝ። ደጅ፣ ዛፉ ሥር፣ ራሴ ስቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት።

«ያን ቀን በሻይ ሰዓት አልሰማሁሽም» አለ። «ጫማሽን አውልቀሽ ነበር አሉኝ።» ሌላ ምንም አላለም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

ስኳር ነው። ሁለት ዓመቱ። ቀኝ ዓይኑ ከጠፋ ቆየ፤ በግራው ጥላ ብቻ ያያል። መጽሐፎቹን ድሮ ነው በቃሉ የያዛቸው። ልጆቹ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ያውቃሉ፣ ወላጆቻቸው ግን አያውቁም። ጋሽ ማሌቲኖን አውቀው እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ መነጽራቸውን ጠረጉ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ኦፋ ናት፣ ዛሬም ደጃፌ ላይ ተቀምጣ።

«ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቅርጫቱ እኮ ለቀልዱ ብቻ አልነበረም፣ እትዬ። የዋናው ደሴት ሐኪም ቶሎ ከመጣ ግራው ይተርፋል ብሎ ነበር። ልጆቹ ሳይፈተኑ አልሄድም አለኝ። እኔን አይሰማኝም። እህቱ ሂድ ብላ ካዘዘችው ግን እምቢ አይልም ብዬ ነበር የመጣሁት።»

ሦስት ሳምንት። ቅርጫቱን መልሼ የሰደድኩት ሦስት ሳምንት ነው። ዓይን በሦስት ሳምንት ምን ያህል ይሄዳል? የሚጠየቅ ሰው የለም። እማዬን ደግሞ እፈራታለሁ፤ በአካል ላይ ይወጣል ብላኝ የለ? በሱ አካል ላይ ነው የወጣው። ማስተርስ ያላት ሴት እንዲህ አታስብም እላለሁ፤ ሻማውን ሳጠፋ ግን አስባለሁ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ለዶክተር ኡሻ ደውዬ ሁሉን ነገርኳት። ከዚያ፣ «ከመስኮት ውጭ?» አለች። አዎ። «ሦስተኛውንም አላየሽም?» አላየሁም። ግምገማውን ማንሳት የሚቻለው ሁለታችንም አብረን መስመር በመስመር አንብበን፣ የተሳሳተውን ለይተን ከፈረምን ነው። እኔ ልምምዱን ወድቄ በሚቀጥለው ዓመት እደግመዋለሁ። ወንበሩን እስከዚያ ሌላ ሰው ይይዘዋል።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። አይደለሁም። አዎ አልኳት።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

ስድስተኛ ክፍልን ዛሬ ተረከብኩ። ደብተር ላርም ስጠይቃቸው እንዴት እንደሚሰጡኝ ግራ ገባቸው።

ከትምህርት በኋላ ሴሚሲ ቤት ሄድኩ። እሱ ውስጥ፣ እኔ በረንዳው ላይ፤ የቆርቆሮ ግድግዳው መሃላችን። ኦፋ ደጃፉ ላይ። መጀመሪያ አዘዝኩት፤ ረቡዕ በሚመጣው ጀልባ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ አልኩት። «እሺ» አለ፣ ወዲያው፣ ያለ ክርክር። ያን ያህል ቀላል ነበር።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ።

«የሰሌዳ ጽሑፉ አይነበብም።»

«እውነት ነው» አለ ከግድግዳው ወዲያ።

«ደብተር አያርምም።»

«እውነት ነው።»

«ተማሪዎቹን በስም አያውቅም።»

ሳቀ። «በድምፅ ነው የማውቃቸው። ይሁን፣ እውነት ነው።»

«ዝግጅት የለውም» የሚለውን ሳነብ ዝም አለ። «ይቺን ልሰርዛት?» አልኩት። «ሰርዢያት» አለ። ቀጥዬ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አልፌ ቀኑን አነበብኩ። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«አንድ መስመር ዘለልሽ» አለ።

ወረቀቱን ደግሜ አጠፍኩት።

«ኦፋ ከመፈረሜ በፊት ሁለት ጊዜ አንብባልኛለች።»

«ታዲያ ለምን ፈረምክ?»

«ያን ቀን እህቴ ስትገባ አላየኋትም ብል ልጆቹን ይቀሙኛል። አይቻታለሁ ብል ውሸት ነው። ደግሞ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። የእህቴን ቃል በየት በኩል ነው ስህተት የምለው?» ቀጥሎ፣ «አሁን አንብቢው። ሳይነበብ አይሰረዝም ብላለች አስተማሪሽ» አለ።

ወረቀቱን ዘረጋሁ። አነበብኩት። «ለበላዮቹ አክብሮት የለውም።»

ከግድግዳው ወዲያ «እውነት ነው» እስኪል ጠበቅኩ። አላለም።